ከነጥብ ብቻ የተሰራ የአማርኛ ፎንት፦ ግሪዱን ስንት በስንት ላድርገው? (ሀዋሳ)

የአሞራ ገደሏ፦

ሰላም ናችሁ የፊደል ወዳጆች። እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ግራፊክስ ነው ምሰራው፣ ባነር፣ ሜኑ፣ የካፌና የጁስ ቤት ታፔላ ምናምን። አሁን በጣም የወደድኩትን ሀሳብ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ከነጥብ ብቻ የተሰራ የአማርኛ የጌጥ ፎንት። መስመር የሚባል ነገር የሌለው፣ ፊደሉ በሙሉ ክብ ክብ ነጥብ ተደርድሮ የሚወጣ፣ ለርዕስና ለታፔላ እንጂ ለረጅም ጽሁፍ ያልሆነ። በላቲን እንዲህ አይነቱ ሞልቷል፣ በኛ ፊደል ግን ከሀ እስከ ፐ ሁሉም ቤት ተሟልቶ ማየት ነው ምፈልገው፣ ስለዚ ራሴ ልሰራው ተነስቻለሁ።

ችግሩ ግሪዱ ላይ ነው፣ ማለትም ነጥቡ ሚደረደርበት ካሬ ስንት ዓምድ በስንት ረድፍ ይሁን ሚለው። ላቲን በ5 በ7 ይጻፋል፣ ትንንሾቹ የማሽን ስክሪኖች ላይ ምናየው እሱ ነው፣ 35 ነጥብ በቃ። የኛ ፊደል ግን እግር አለው፣ አናቱ ላይ ሰረዝ አለው፣ ጎኑ ላይ ቅጥያ አለው፣ በዛ ላይ ቀለበት። በ ያምራል፣ ተ ያምራል፣ ሼ ወይ ጬ ጋ ሲደረስ መፈናፈኛ የለም። ወደ 16 ረድፍ ከፍ ሲደረግ ደሞ ነጥቡ ይበዛና ጌጥነቱ ይጠፋል፣ ዝም ብሎ የደበዘዘ ፊደል ነው ሚመስለው። ስንት በስንት ቢሆን ይሻላል ትላላችሁ?

ደሞ እዚህ ከተማ ታፔላ ብዙ ጊዜ ሲዳምኛው በላቲን አማርኛው በፊደል ሆኖ አንድ ሰሌዳ ላይ ነው ሚወጣው፣ ስለዚ ላቲኑንም አብሬ መስራት አለብኝ፣ የሁለቱን ቁመት እንዴት ነው ማስታርቀው? ሌላው አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ፣ ፊደሉም ነጥብ እነሱም ነጥብ ሲሆኑ ምኑ ከምኑ ይለያል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ከልቤ ነው ምጠይቀው።

ሆሄ ቆጣሪ፦

ሰላም እህቴ፣ ሀሳብሽ ደስ ይላል። እኔ ምልሽ ግሪዱን ከበ አትጀምሪው ከሼ ጀምሪው። ለቀላሉ ፊደል የሚበቃ ግሪድ ከመረጥሽ ከባዱ ፊደል ሲመጣ ትጨናነቂያለሽ፣ ለከባዱ ከመረጥሽ ግን ቀላሎቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። እስቲ ሼን ከላይ ወደ ታች ቁጠሪው፣ የአናቱ ሰረዝ 1 ረድፍ፣ አንገቱ ቢያንስ 1 (አንገት ከሌለው ሰረዙ ትከሻው ላይ ይለጠፍና ሸ መሆኑ ይቀራል)፣ ትከሻው 1፣ ከዛ እግሩ 6፣ ምክንያቱም የታችኞቹን 3 ረድፍ ቀለበቷ ትወስዳለች፣ ከሷ በላይ ደሞ እግሩ ራሱ መታየት አለበት። ሲደመር 9። ስለዚ ቁመቱ 9 ረድፍ ነው፣ ከዛ ካነሰ አንዱ ነገር ይሰዋል፣ ከ11 ካለፈ ደሞ እንዳልሽው ጌጥነቱ ይሞታል።

ወርዱን ግን እኩል አታድርጊው! በ በ5 ዓምድ ይበቃዋል፣ ባለ ሶስት እግሮቹ እነ ሐ ጠ ጨ 7 ይፈልጋሉ፣ ጬ ቀለበቷን ይዛ 9 ትደርሳለች። ሁሉንም 9 ላይ ካስቀመጥሻቸው በ እና ነ ባዶ ሜዳ ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

የፎንቱ ሞት ሽረት ግን ቁመቱም ወርዱም አይደለም፣ ሣልስና ኃምስ ናቸው። ይህን እዪ፣ በ7 ረድፍ ላሳይሽ ቦታ እንዳይበላ፣ መጀመሪያ ቢ፦

○●●●○○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●●●

አሁን ቤ፦

○●●●○○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●○○
●○○○●●○
●○○○●○●
●○○○●●○

ቁጠሪያቸው፣ ቢ 17 ነጥብ ነው ቤ 18። የአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ! ሁለቱን ሚለያቸው የነጥቡ ብዛት ሳይሆን ቀለበቷ ውስጥ ያለችው አንዲት ባዶ ቦታ ናት። እሷ ከተደፈነች «ቤት» ተብሎ የተጻፈውን አንባቢ «ቢት» ይለዋል። ለዛ ነው ነጥቡ በጣም መወፈር የለበትም ምልሽ። ከአንዱ ነጥብ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለውን ርቀት 80 ካልሽው የነጥቡ ስፋት 64 ይሁን፣ ማለትም 80 ፐርሰንት። እዛ ላይ ነጥቦቹ አይነካኩም፣ ባዶዋም ክፍት ትሆናለች፣ ፊደሉም ተያይዞ ይነበባል። ፎንቱን በ1000 ዩኒት (የፎንት መስሪያ መለኪያ ነው) ከሰራሽው 9 ረድፍ 704 ይሆናል፣ ለግዕዝ ፊደል ጥሩ ቁመት ነው፣ 80 ለሁለት ሲካፈልም 40 ስለሆነ የግማሽ እርምጃ ሲያስፈልግሽ ቁጥሩ አይሰባበርም።

ራብዕና ሳብዕ ላይ ደሞ አንድ ነገር፣ ባ እና ቦ አንዱ እግር አጥሮ ነው ሚለዩት፣ በ1 ረድፍ ብቻ ካሳጠርሽው አይን አያየውም፣ 2 ረድፍ አሳጥሪው።

ላቲኑ ቀላል ነው፣ ያው 80 እና ያው 64 ይሁን፣ ካፒታሉን 9 ረድፍ አድርጊው ትንንሾቹን 6 ወይ 7። ብቻ ለየብቻ ሰርተሽ በኋላ አንዱን በስኬል እንዳታስተካክዪው፣ ቁመቱ እኩል ይሆንልሽና ነጥቡ የአንዱ ትልቅ የአንዱ ትንሽ ይሆናል፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያ ነው መጀመሪያ አይን ውስጥ ሚገባው።

ስቲከር ቆራጭ፦

እኔም ሀዋሳ ነኝ፣ ስቲከርና ላይት ቦክስ ነው ስራዬ። ከኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ ምክንያቱም ዲዛይነሮች ኮምፒውተር ላይ አሳምረው ያመጡታል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ፕሎተሩ እያንዳንዱን ነጥብ ዞሮ ዞሮ ይቆርጣል ከዛ ትርፉን በእጅ መላጥ አለብን። 64 ከ80 ባላችሁት ልክ ፊደሉ 20 ሴንቲ ሲሆን ነጥቡ 1 ነጥብ 8 ሴንቲ ይሆናል፣ ግሩም ነው፣ አይረግፍም። ፊደሉ 3 ሴንቲ ከሆነ ግን ነጥቡ 3 ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ ትርፉን ስትልጪ ነጥቡም አብሮ ይነሳል፣ ደንበኛው ሲቀበል «ሰ»ው እግር የለውም። ለትንሽ ጽሁፍ ፕሪንት አስደርጊው እንጂ አታስቆርጪው።

ደሞ ነጥቦቹ እንዳይደራረቡ፣ ከተደራረቡ ማሽኑ ሁለቱንም ክብ ሙሉ ሙሉ ቆርጦ መሃላቸው ላይ ስንጥር ይተዋል። ኮረል ላይ ዌልድ ካላደረግሽው (የተደራረቡትን ወደ አንድ ቅርጽ ካላዋሃድሽው) ለኛ ትልቅ ጣጣ ነው።

ርቀቱንም አስቢ። ጤነኛ አይን በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከ3 ሚሊ ያነሰ ክፍተት አይለይም፣ በዚህ ስሌት የ20 ሴንቲው ፊደል በነጥቦቹ መሃል ያለው ክፍተት ወደ 4 ሚሊ ተኩል ስለሆነ 15 ሜትር አካባቢ ላይ ነጥቦቹ ተዋህደው መስመር ይሆናሉ። ይሄ ችግር እንዳይመስልሽ እኔ ሚጥመኝ እሱ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው ደህና የሚነበብ ፊደል፣ በር ላይ ለደረሰው ደሞ ጌጥ።

ላይት ቦክስ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፣ የአልሙኒየም ሰሌዳውን በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚታዘዘው መብሻ ማሽን) ነጥብ ነጥቡን አስበስቶ ከኋላ ኤልኢዲ ማድረግ። ማታ ሲበራ ማየት ነው! ለዚህ ነጥቡ በሙሉ አንድ ልክ ቢሆን አንድ መብሻ ይበቃዋል፣ ቶሎ ያልቃል ዋጋውም ይቀንሳል።

የአሞራ ገደሏ፦

ኧረ በጣም ነው ማመሰግነው ሁለታችሁንም፣ የቢ እና የቤው ነገር አይኔን ነው የከፈተው፣ አሁን ፊደሎቼን ሳያቸው የሌ የቴ የኔ ቀለበት በሙሉ መፈተሽ እንዳለበት ገባኝ። አንድ ጥያቄ፣ አብሮኝ ሚሰራ ልጅ ምን ይለኛል፣ ለምን ትደክሚያለሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ዝግጁ ፎንት ክፈቺና ላዩ ላይ የነጥብ ግሪድ ደርበሽ ፊደሉ ውስጥ የወደቀውን ነጥብ ብቻ አስቀሪ፣ በአንድ ቀን ያልቃል ይለኛል። እንዴት ነው ይሄ ያዋጣል? ፋይሉስ አይከብድም ወይ ይሄ ሁሉ ክብ?

ሆሄ ቆጣሪ፦

አያዋጣም። የኖቶ እግር ግሪድሽን አስቦ አልተሰራም፣ የአንዱ ፊደል ግራ እግር ልክ ዓምዱ ላይ ይወድቃል ቀኙ ሁለት ዓምድ መሃል ላይ ይወድቅና ወይ ሁለት ረድፍ ነጥብ ይይዛል ወይ ምንም አይዝም፣ ከዛ አንድ እግሩ ወፍራም አንድ እግሩ ቀጭን በ ይወጣልሻል፣ ያንን ቁጭ ብለሽ ስታስተካክዪ ከመጀመሪያው ብትስዪው የፈጀብሽን ጊዜ ይፈጃል። ላይሰንሱም አለ፣ ኖቶ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው የወጣው፣ መቀየር ይፈቀዳል፣ ግን ከሱ የወጣው ፎንትም በዛው ላይሰንስ ነው መውጣት ያለበት፣ ለብቻውም አይሸጥም። የራስሽን ነጥብ ከደረደርሽ ግን የራስሽ ነው።

ፋይሉ እንዳይከብድ ደሞ ክቡን አንዴ ብቻ ሳዪው። ፎንትፎርጅ የሚባለው የፎንት መስሪያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሰራል፣ እዛ ላይ ነጥብ የሚባል አንድ ግሊፍ (ፎንቱ ውስጥ ያለ አንድ ቅርጽ) ሰርተሽ ኮፒ ሪፈረንስ እያልሽ፣ ማለትም ከዋናው ጋር የተያያዘ ቅጂውን፣ ፊደሎቹ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። በኋላ ክቡን ወደ ዳይመንድ ወይ ወደ ኮከብ መቀየር ብትፈልጊ ያቺን አንዷን ስትቀይሪ ፎንቱ በሙሉ ይቀየራል። ስታወጪው የፋይሉን አይነት ቲቲኤፍ አድርጊው ሪፈረንሱ እንዳለ ይገባል፣ ኦቲኤፍ በሚባለው አይነት ላይ እንደዛ አይነት ሪፈረንስ የለም።

ሌላ ዘዴ ላካፍልሽ፣ ፊደሎቹን በማውስ አትደርድሪያቸው። ተራ የቴክስት ፋይል ላይ ነጥብ ያለበትን 1 ባዶውን 0 እያልሽ ጻፊያቸው፣ ልክ ቅድም እንደሳልኳቸው፣ ከዛ ፎንትፎርጅ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የተጻፈ ትእዛዝ ስለሚቀበል አጭር ኮድ ፋይሉን እያነበበ 1 ባገኘበት ሁሉ ነጥቡን በ80 እያባዛ ያስቀምጥልሻል። 33ቱ ሆሄ በ7 ቤት 231 ነው፣ የቨን ቤተሰብ ስትጨምሪ 238፣ እነ ሏ ሟ ቋ ጓ አሉ፣ 20 የግዕዝ ቁጥር አለ። ይሄን ሁሉ በእጅ ከደረደርሽ የሆነ ቦታ አንድ ነጥብ በ3 ዩኒት ፈንጠር ትልና ታፔላው ላይ ትታያለች፣ ኮዱ ግን አይዛነፍም። ፊደሎቹንም በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የተሰጠ የኮምፒውተር ቁጥር ነው) ቦታቸው አስቀምጫቸው፣ የኢትዮፒክ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፣ እንደ ድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ኪ ላይ የተጫነ ነገር ዛሬ ስልክ ላይ አይሰራም።

የብሩሽ ሰው፦

ልጄ እኔ የድሮ የታፔላ ሠዓሊ ነኝ፣ ኮምፒውተሩን ልጆቼ ናቸው የሚያውቁት፣ ግን ፊደሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ስለ ቦታ ብቻ ነው የምታወሩት፣ ስለ ክብደት አልተነሳም። የግዕዝ ፊደል እግሩ ወፍራም ነው፣ አግድሙ ቀጭን ነው፣ በቀለም ብዕርም በብሩሽም እንደዛ ነው የኖረው። እግሩንም ሰረዙንም ቀለበቱንም በአንድ ልክ ነጥብ ከደረደርሽው ፊደሉ ይነበባል እሺ፣ ግን የኛን ፊደል መልክ አይዝም፣ ከሽቦ የተጠማዘዘ ይሆናል። እኔ ብሆን እግሩን በትልቅ ነጥብ፣ ትከሻውን፣ የአናቱን ሰረዝና ቀለበቱን በትንሽ ነጥብ አደርገዋለሁ። ቀለበቱ በትንሽ ነጥብ ሲሆን ውስጡ ይሰፋል፣ የቢ እና የቤ ጭንቀትም ይቀላል።

ሰያፍ የሆኑትንም ተመልከቻቸው። ለ እና አ እግራቸው ያዘነብላል፣ በሰያፍ የተደረደረ ነጥብ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከተደረደረው ይራራቃል፣ ስለዚህ እግሩ የሳሳ ይመስላል። እዛ ቦታ ላይ ከመስመሩ ወጣ አድርገሽ ነጥቡን አጠጋጊው፣ ካሬው የሚረዳሽን ያህል ተጠቀሚበት እንጂ አትገዢለት። መጀመሪያ ግን ባለ ካሬ ደብተር ግዢና በእርሳስ ሳዪው፣ የሒሳብ ደብተር የሚባለውን፣ ጥልፍ የሚጠልፉ ሴቶችም ክር እየቆጠሩ በዚሁ መንገድ ነው የሚሰሩት። ደብተሩን ክንድሽን ዘርግተሽ እዪው፣ እዛ ላይ ካልተነበበ ኮምፒውተር ላይም አይነበብም።

ስቲከር ቆራጭ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው አልከራከርዎትም፣ የድሮ ታፔላ ላይ ያለውን የእግር ውፍረት እኔም ነው ምወደው፣ ብቻ ለሲኤንሲው ሁለት ልክ ነጥብ ሁለት መብሻ ይፈልጋል፣ ደንበኛው ደሞ ዋጋ ሲሰማ ይሸሻል። ለተቆረጠ ስቲከርና ለፕሪንት ምንም ለውጥ የለውም፣ ይሁን።

ሆሄ ቆጣሪ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ የክብደቱ ነገር ትልቅ ነጥብ ነው፣ የለ እግር ላይም ያልኩት የግማሽ እርምጃ 40 ያገለግላል። ሁለታችሁንም ሚያስማማ መንገድ አለ። ሁለት ግሊፍ ይኑራት፣ ትልቅ ነጥብና ትንሽ ነጥብ፣ የቴክስት ፋይሉ ላይ ትልቁን 1 ትንሹን 2 ብላ ትጻፍ። ለፕሪንትና ለስቲከር ሲሆን ትልቁ 68 ትንሹ 52 ይሁን፣ ለሲኤንሲ ስታወጣ ሁለቱንም 64 አድርጋ ትለቀዋለች። ፊደሉን ሁለቴ መሳል የለም፣ ከአንድ ፋይል ሁለት ፎንት ነው ሚወጣው።

በነገራችን ላይ 9 ረድፍ ሌላም ጥቅም አለው። መንገድ ላይ ምናያቸው የሚሄዱ የኤልኢዲ ጽሁፎች ብዙዎቹ ፒ10 በሚባለው ሞጁል ነው ሚሰሩት፣ አንዱ 32 በ16 አምፖል ነው፣ በአምፖሎቹ መሃል 10 ሚሊ። የኮምፒውተር ፎንት እዛ ላይ ሲጫን ፊደሉ ሚሰባበረው ለ16 ረድፍ ስላልተሳለ ነው፣ ያንቺ ግን 9 ረድፍ ስለሆነ አንድ ነጥብ ለአንድ አምፖል ሆኖ ቁጭ ይላል። ቴክስት ፋይልሽን እንደያዝሽው ሌላ ስራ አታጪም።

የአሞራ ገደሏ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብተሩን ዛሬውኑ ነው ምገዛው፣ የእግሩ ውፍረት ነገር ሲያሳስበኝ ነበር ግን ምን እንደሆነ ስሙን አላገኘሁለትም ነበር። ሁለቱን ነጥብ አድርጌ ነው ምጀምረው፣ ከሼ፣ ከጬ፣ ከቤና ከለ። የቀረኝ አራት ነጥቡ ብቻ ነው፣ በ64 ነጥብ ሁለት በሁለት ሳደርገው ከጎኑ ያለው ፊደል ቅንጣቢ ነው ሚመስለው፣ ለምሳሌ «ቤ።» ስጽፍ የቀለበቷ ቅጥያ ይመስላል።

የብሩሽ ሰው፦

ብራና ላይ እኮ ይህ ጥያቄ ድሮ ተመልሷል ልጄ። ጸሐፊዎቹ የአራት ነጥቡን ነጥቦች በቀይና በጥቁር እያደረጉ ከፊደሉ ይለዩታል፣ ያጌጡታልም። ታፔላሽ ባለ ሁለት ቀለም ከሆነ ያንኑ አድርጊ፣ ፊደሉ በአንዱ ሥርዓተ ነጥቡ በሌላው።

ሆሄ ቆጣሪ፦

ቀለም ከሌለ ደሞ በቅርጽ ለዪው። ሶስተኛ ግሊፍ ጨምሪ፣ ዳይመንድ፣ ለሥርዓተ ነጥብ ብቻ ሚያገለግል፣ ፋይሉ ላይ 3 በዪው፣ ስፋቱ ከትልቁ ነጥብ ትንሽ ይብለጥ፣ 90 አካባቢ። አራት ነጥቡን አጠጋግተሽ ሁለት በሁለት አታድርጊው፣ በየመሃላቸው ሁለት ባዶ ቦታ ተዪ፣ ማለትም 4 በ4 ካሬ ይዞ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ዳይመንድ ይቀመጥ፣ ከፊደሉም ቢያንስ 3 ዓምድ ይራቅ። እነ ነጠላ ሰረዝ ላይ ያለው አግድም ግን በትንሿ ክብ ነጥብ ይሁን፣ እሱም ዳይመንድ ከሆነ በጣም ይከብዳል። ለሲኤንሲው ሲሆን ዳይመንዱን መልሰሽ 64 ክብ አድርጊው፣ እዛ ላይ ርቀቱ ብቻውን ይለየዋል። ቤ እና አራት ነጥቡን ጎን ለጎን ሰርተሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልን፣ ክፍተቱን አይተን እንነግርሻለን።